ምንም የማይጨምር፣ ምንም የማይቀንስ

ሰኞ

ያቀናበርኩላቸውን መዝሙር መልሰው ላኩት። ለሁለተኛ ጊዜ። የመዘምራኑ አስተባባሪ ወይዘሮ ለተብርሃን በስልክ በጨዋነት ነው የነገሩኝ፤ ያናደደኝም ጨዋነታቸው ነው። «ኣያ ተክላይ፣ አይቀየሙን። መዝሙሩ ጆሮ ይወጋል።»

ይወጋል! ያን ሁሉ ዓመት ሬዲዮ ጣቢያ በድምፅ ቴክኒሻንነት ስሠራ ሥራዬን የመለሰብኝ የለም። ጡረታ ወጥቼ ሳሎኔ ጥግ ላይ መቅዳትና ማቀናበር ከጀመርኩ ወዲህም የለም።

ምክንያቱን ግን ደርሼበታለሁ። ዳኩ ነው። ባለቤቴ መዓዛ «ደግሞ እሱ ምንድን ነው?» ስትለኝ ትንሿን ሳጥን አሳየኋት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ድምፅ ቁጥር ብቻ ነው፣ ወደሚሰማ ድምፅ የምትቀይረው ይህች ሳጥን ናት አልኳት። የእኔዋ አርጅታ ቀጭኑን ድምፅ ትሸፍናለች። እሷ ስትሸፍን እኔ ከፍ አደርጋለሁ፣ ሌላ ሰው ቤት ሲከፈት ይወጋል። ግልጽ ነው።

«ለእኔ ደህና ነው የሚሰማኝ» አለች። መዓዛ የደሴ ልጅ ናት። ለእሷ ሁሉም ነገር ደህና ነው።

ማክሰኞ

ቀዳማይ ወያነ ገበያ፣ ኪሮስ ሱቅ ዋልኩ። ኪሮስ አብሮ አደጌ ነው፣ ኤሌክትሮኒክስ ይሸጣል። ያለውን ሁሉ አስከፈትኩት። አንዱ ወፍራሙን ድምፅ ያሳብጣል። አንዱ ሁሉንም ያለሰልሳል፣ ዘማሪውም ከበሮውም ማር የተቀቡ ይመስላሉ። ሌላው ደግሞ እምምም ይላል።

«እኔ የምፈልገው ምንም የማይጨምር፣ ምንም የማይቀንስ ነው» አልኩት።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እንደዚያ ያለ ሰው እንኳ የለም» ብሎ ሳቀ። ግን አላሳፈረኝም። ባለሙያዎች ትክክለኛ ነው የሚሉትን አዲስ አበባ አፈላልጎ አገኘልኝ። ነገ የሚስቱ ወንድም በአውሮፕላን ይዞት ይመጣል። ደስ ብሎኝ በእግሬ ተመለስኩ።

ረቡዕ

መጣ። ኪሮስ ራሱ በባጃጅ አመጣልኝ። ሱቁን ዘግቶ ስለመጣ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ተመለሰ።

ከፈትኩት፣ አገናኘሁት። ድሮ ለንግሥ በዓል የቀዳሁትን መዝሙር አስገባሁ፤ ትንፋሹን ሁሉ በቃሌ የማውቀውን። ባሰበት! ድምፁ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘምር ሰው ሆነብኝ። ገመድ ቀየርኩ። ድምፅ ማጉያውን አዞርኩ። ያው ነው። አስመስለው የሠሩት ዕቃ ነው አልኩ።

ሱቁ ሄድኩ። ገበያተኛ ነበር። አላስተዋልኩም ማለት አልችልም፣ አይቻለሁ። «የውሸት ዕቃ እየሸጥክ ሰው ታታልላለህ፤ እኔን ሳይቀር!» አልኩት።

ኪሮስ ድምፁን አላነሣም። «ተክላይ፣ ዕቃው ደህና ነው። ከፈለግክ መልሰው። እንዲህ ግን አትበለኝ።»

«ከዛሬ ወዲያ አንተዋወቅም» ብዬው ወጣሁ። ሬዲዮ እያየች የነበረች ሴትዮ አስቀምጣው ተከትላኝ ወጣች። ስትወጣ ኪሮስ በዓይኑ ሸኛት።

አበዛሁት መሰለኝ። ግን እውነቴን ነው።

ሐሙስ

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም።

ልጄ ሰላም ዓዲ ሓቂ ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ዛሬ ለምሳ መጣች። ሳጥኑን ልመልሰው ሳሽግ ደረሰች። «አንዴ ልስማው» ብላ መልሳ አገናኘችው፣ ያንኑ መዝሙር ከፈተች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

«ኣቦይ፣ ጸናጽሉ! አጠገቤ የሚያንሿሹት ነው የሚመስለው። እንዲህ ጥርት ብሎ ሰምቼው አላውቅም።»

«የቱ ጸናጽል?»

«ይኸው። ይኸው… አሁንም።»

ከበሮው ይሰማኛል። ሰዎቹ ይሰሙኛል። በመሃሉ ምንም የለም። ራሴ የቀዳሁት ጸናጽል!

መዓዛን ከጓዳ ጠራኋት። ምንም ሳልነግራት «ምን ይሰማሻል?» አልኳት።

«ጸናጽሉ ነዋ፣ ምን ይሰማኛል?»

ተቀመጥኩ። ጠዋት ጠዋት መስኮቴ ላይ የሚንጫጩት ወፎች የት ሄዱ? ሄደዋል ብዬ ነበር። መዓዛ ከኋላዬ ስትጠራኝ ዝም የምላት ንቄያት ይመስላት ነበር። ስንት ጊዜ ተኳርፈንበታል።

ምሳ አልበላሁም። ረቡዕን ሳስበው እንደገና ያመኛል።

ዓርብ

ሆስፒታል። መዓዛ አብራኝ ሄደች። ሐኪሟ ወጣት ናት። ጠባብ ክፍል አስገብታ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አደረገችልኝና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ እንድጫን ነገረችኝ። በመስታወቱ እጇ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ የሚሰማኝ ግን የለም። አፈርኩ። አንዴ ሳልሰማ በግምት ተጫንኩ። ገብቷታል፣ ግን አላሳፈረችኝም።

«ኃይለኛ ድምፅ አጠገብ ነበሩ? ፍንዳታ ምናምን?»

«እዚህ ከተማ ማን ያልነበረ አለ?»

አንገቷን ደፋ አደረገች። ከዚያ ቀጭኑ ድምፅ በሁለቱም ጆሮዬ እንደሄደ፣ የሄደው እንደማይመለስ፣ የቀረውን መጠበቅ እንዳለብኝ ነገረችኝ። ጆሮ ላይ የሚደረግ የመስሚያ መሣሪያ ለንግግር ይረዳል አለች። ስለ ሙዚቃ ስጠይቃት «ቃል አልገባልዎትም» አለችኝ።

ስንወጣ «ምነው ቀደም ብዬ በጠየቅኩሽ» አልኳት መዓዛን።

«ብትጠይቀኝስ ታምነኝ ነበር?»

አላምናትም ነበር።

ወይዘሮ ለተብርሃን ጋ ደወልኩ። እኔ የነካካሁትን ተዉት፣ መጀመሪያ የተቀዳው ደህና ነው፣ ሌላ ሰው ያቀናብረው አልኳቸው። ምክንያቱንም ነገርኳቸው። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉኝ፤ ሰው እንደሞተበት ሰው። እኔም አሜን አልኩ።

ቅዳሜ

ኪሮስ ሱቅ ሄድኩ። ገበያተኛ እስኪሞላ ውጭ ቆሜ ጠበቅሁ። የሰደብኩት ሰው ፊት ነውና።

«ዕቃው ደህና ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «የተበላሸው የእኔ ጆሮ ነው። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ።»

ኪሮስ ለአንዱ ሰውዬ ገመድ መቁረጡን ጨረሰ። ከባንኮኒው ወጥቶ አቀፈኝ። «ጠርጥሬ ነበር» አለኝ። «ስልክ ላይ እየደጋገምክ ምን አልክ ስትለኝ። ግን ለአንተ፣ ለተክላይ፣ ጆሮህ ደክሟል ብዬ እንዴት ልንገርህ? ፈራሁህ።»

ይኼኛው ከስድቡ በላይ ከበደኝ። ጓደኛዬም ሚስቴም የሚፈሩኝ ሰው ነበርኩ ማለት ነው።

ከሰዓት ቤት መጣ። ሰላምም ነበረች። «ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላ ሳጥን አለ፣ ልለውጥልህ?» አለኝ። ልቤ ተመኘ፣ አልዋሽም። በኋላ ግን «ተወው» አልኩት። «የሚሰማ ሰው በልኩ ይስማው።»

መዝሙሩን ከፈትን። ሦስቱ ሲሰሙ እኔ ፊታቸውን አየሁ። ሰው ሙዚቃ ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ ዓይኔ መቆጣጠሪያው ላይ ነበር። መዓዛ እንባዋ ወረደ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ሰኞ ሆስፒታል ለመስሚያ መሣሪያው የጆሮዬን ልክ ሊወስዱ ቀጥረውኛል። ይረዳኝ ይሆን? እንጃ። ኪሮስ አብሬህ እሄዳለሁ ብሏል።