ሰማንያ አራት ዲግሪ

ዴኮራ፣ አዮዋ
ቅዳሜ ጠዋት፣ ኖቬምበር 8

ውድ ልጄ ሲግሪድ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እኛ ክረምቱ ሊገባብን ሲል እናንተ ዘንድ ፐርዝ ሙቀቱ መግባቱን፣ ልጆቹም ባሕር ዳር መዋል መጀመራቸውን አንብቤ ደስ አለኝ። ሰው ሠራሽ ጉልበት ከተተከለልኝ ዛሬ ሃያ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ስለ ስምምነታችን ጠይቀሻል። የመጀመሪያው በረዶ ሳይጥል አሥራ ሦስቱን ደረጃ ወጥቼ መኝታ ቤቴ ካልገባሁ፣ ቤቱ ተሽጦ የአረጋውያን መኖሪያ እገባለሁ ብያለሁ። አልረሳሁትም። መልሱን ግን በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

እቤት እየመጣች የምታሠራኝ ማርሊስ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ረዳት ናት። ወጣትነቷን ላም ስታልብ ያሳለፈች፣ እጀ ጠንካራ ሴት። «ረዳት» ሲሉኝ ዕቃ የምታቀብል መስሎኝ ነበር። ለካ ሁለት ዓመት ተምራ፣ ተፈትና፣ ፈቃድ ያወጣች ባለሙያ ናት። ምን እንደሚፈቀድላትና ምን እንደማይፈቀድላት ለማወቅ ጉጉት ያዘኝ፤ በመጣች ቁጥር አንድ ጥያቄ አዘጋጅቼ እጠብቃታለሁ።

ማክሰኞ ዕለት «ዛሬ ደረጃውን እንሞክረው» አልኳት።

«ዕቅዱ ላይ የለም፣ ሚስተር ቶልፍሰን። ጉልበትዎ ዘጠና ዲግሪ ሳይታጠፍ ደረጃ የለም ብላለች ዶክተር ፓዲላ።»

ዶክተር ፓዲላ መርምራ ዕቅዱን ያወጣችው ፊዚዮቴራፒስት ናት።

«እንግዲያ አንቺ የምታስተምሪው በሰው ዕቅድ ነዋ» አልኳት።

«እርስዎስ አርባ ዓመት ያስተማሩበትን የሒሳብ መጽሐፍ ራስዎ ነበሩ የጻፉት?»

እግሬን አጥፌ አቀረብኩላት። እሷ ከቦርሳዋ ሁለት ክንድ ያለው የፕላስቲክ ማዕዘን መለኪያ አውጥታ ጉልበቴ ላይ ገጠመችው። አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁ።

«ዘጠና ማለት ይቻላል። ዘጠና ብለሽ ጻፊው።»

«ከጎን ሆነው አይደለም፤ ፊት ለፊት ሆነው ያንብቡልኝ።»

አነበብኩ። ሰማንያ አራት። እሷም ሰማንያ አራት ብላ ጻፈች። ተማሪ እኔ እንደሞከርኩት መልስ ቢያጠጋጋብኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

ሐሙስ ስትመጣ ጉልበቴ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ጠበቃት። ለካችው፤ ሰባ ስድስት።

«ምን ተፈጠረ?»

«ምንም።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ሹራብዎ ያምራል። ማክሰኞ አልለበሱትም ነበር። ቁም ሳጥንዎ ፎቅ አይደል?»

ተያዝኩ። እናትሽ የሠራችልኝን ግራጫውን ሹራብ ታውቂዋለሽ። ረቡዕ ብቻዬን ወጥቼ አመጣሁት። ስወርድ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ጉልበቴ ከዳኝና የቀረውን በመቀመጫዬ እየተንሸራተትኩ ወረድኩት። ቤቱ ቀዝቅዞ ነበር እንዳልልሽ ማሞቂያው ደህና ይሠራል።

ማርሊስ አልተቆጣችም። ጭንቅላቴን መትቶኝ እንደሆነ ጠየቀች፤ ሁለቱንም ባቶቼን ዳሰሰች፣ እብጠቱን ለማነጻጸር በሜትር ለካች። የዕለቱን እንቅስቃሴ አቁማ እዚያው ፊቴ ለዶክተር ፓዲላ ደወለች።

«ምን አገኘሽ?» አልኳት ስልኩን ስትዘጋ።

«ምን እንደሆነ መወሰን የእሷ ፋንታ ነው። ያየሁትን መናገር የእኔ።»

«ማርሊስ፣ ይህን ከጻፍሽው እኮ ቤቴ መሸጡ ነው።»

«ካልጻፍኩት ደግሞ ማክሰኞ ስመጣ ከደረጃው ሥር ነው የማገኝዎት።» ጽፋ ጨረሰች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለችና «ለልጅዎ ግን እኔ አልጽፍም። እሱ የእርስዎ ሪፖርት ነው» አለችኝ።

ትናንት ሁለቱም መጡ። ዶክተር ፓዲላ እግሬን አገላብጣ መርምራ የተጎዳ ነገር እንደሌለ፣ እብጠቱም እንደሚወርድ ነገረችኝ። ደረጃውን ጨርሳ ትከለክለኛለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ማርሊስ ዞረች።

«አንቺ ምን ታስቢያለሽ?»

«እኚህ ሰው መውጣታቸው አይቀርም። ካልቀረ በወጉ ይማሩት።»

ዶክተር ፓዲላ ሳቅ አለችና ዕቅዷን አውጥታ አስተካከለች። ያን እስክሪብቶ ማንሳት የምትችለው እሷ ብቻ መሆኗን ያን ጊዜ አስተዋልኩ። ግን ያነሳችው ማርሊስ ባየችው ላይ ተመሥርታ ነው። ለጊዜው ሁለት ደረጃ ብቻ፤ ብቻዬን ፈጽሞ እንዳልሞክር። ማርሊስ ወገቤ ላይ ሰፊ ቀበቶ አሰረችና ጨብጣ ያዘችኝ።

«ሲወጡ ደህናው እግር፣ ሲወርዱ የታመመው ይቅደም። በሉ ይድገሙልኝ።»

እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ደገምኩላት። ወጣሁ፤ ወረድኩም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ዛሬ ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ግቢው ነጭ ሆኖ አገኘሁት። በረንዳው ላይ በማስመሪያ ለካሁት፤ አንድ ኢንች አይሞላም። እስከ ቀትር ስለሚቀልጥ ባልነግርሽ አታውቂም ነበር። በረዶ ግን በረዶ ነው። የወጣሁት ደግሞ ከአሥራ ሦስት ሁለት ነው።

አንቺም ፊት ለፊት ሆነሽ አንብቢውና የመሰለሽን ጻፊልኝ። የምትጽፊውን እቀበላለሁ።

እግዚአብሔር አንቺንም ልጆችሽንም በወጣችሁበት በገባችሁበት ይጠብቃችሁ።

አባትሽ
ቨርነን ቶልፍሰን

ከጨረስኩ በኋላ የጨመርኩት፦ ሹራቡን አሁንም ለብሼዋለሁ። እጅጌው ላይ እናትሽ ስትሠራው የዘለለችው ክር አለ፤ አንድም ቀን አርሚው ብያት አላውቅም።