ቆዳ የነካ ቢላዋ

በ1989 ዓ.ም. የገና ቅርጫ ላይ አቶ ዶላሞ የበሬውን ቆዳ ገፈው ወደ ሥጋው ሲሻገሩ፣ አንዲት አዲስ ጎረቤት «ቆዳ የነካ ቢላዋ ሥጋ አይንካ፤ ይቀየር» አሉ። አቶ ዶላሞ እጃቸው የተናቀ መስሏቸው ቢላዋውን ጥለው ቤታቸው ገቡ፤ ሌላ የሚበልት አልነበረምና ሰፈሩ ገናን በሽሮ ዋለ። ጎረቤቲቱ የጠረጠሩት ግን ቆዳውን እንጂ ሰውዬውን አልነበረም። ዛሬ የምንሸኛቸው ሲስተር ወሰንየለሽ ደምሰው እኚህ ናቸው።

ሲስተር ወሰንየለሽ ከአባታቸው ከአቶ ደምሰውና ከእናታቸው ከወ/ሮ ከበቡሽ በ1961 ዓ.ም. በጂንካ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው፣ በነርስነት ሠልጥነው በ1984 ዓ.ም. በሃና ከተማ ሥራ ጀመሩ፤ ኋላም በሆስፒታል ኦፕራሲዮን ክፍል ተመደቡ። በ1986 ዓ.ም. ከአቶ በእምነት ጋር ትዳር መሥርተው ሊድያንና ተስፋን ወልደዋል። አቶ በእምነትም የሽንኩርት ቢላዋ ለብቻው፣ የዳቦ ቢላዋ ለብቻው መሆኑን በትዕግሥት ተምረዋል።

በ2009 ዓ.ም. አቶ ዶላሞ ከሞተር ሳይክል ወድቀው ጭናቸው ተሰበረ። ብረት ሊገባላቸው ከወገብ በታች ደንዝዘው ተኝተው ሳለ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው የቀዶ ጥገና ምላጭ ለቆዳውም ለውስጡም አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ዶክተር ሀብታሙ «ቆዳው በደንብ ታጥቧል፣ አንዱ ይበቃናል፤ የመቀየሩ ጥቅምም ገና እያከራከረ ነው» አሉ።

ሲስተር መለሱ፦ «ታጥቧል እንጂ አልተቀቀለም። ቆዳ ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያ በምላጩ ተሳፍሮ አጥንት ከደረሰ ብረቱ ላይ ይጣበቃል፤ እግሩም ይመግላል። ይከራከሩ፤ የዶላሞ አጥንት ግን የስብሰባ አዳራሽ አይደለም። አላቀብልም።»

አቶ ዶላሞ ከጨርቁ ሥር «ዶክተር፣ ይፈልጉላቸው። እኔ ሞክሬያቸዋለሁ፤ አይለቁም» አሉ።

ከማዋለጃ ክፍል ሌላ ምላጭ መጣ። እግሩም አልመገለም። ምክንያቱ ምላጩ ይሁን የአቶ ዶላሞ ደንዳናነት ሰፈራችን እስከ ዛሬ አልተስማማም። ሲስተር ግን አልጋ እስኪይዙ ድረስ «ቆጥቡ» ላላቸው ሁሉ መልሳቸው ያው ነበር፦ አላቀብልም።

በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና አንድ ሙሉ ሰፈር ትተው አልፈዋል። አስከሬናቸውን ከሚሸከሙት አንዱ፣ በዚያው እግራቸው፣ አቶ ዶላሞ ናቸው። በእርሳቸው አገልግሎት ዛሬ ቆመው የሚሄዱትን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በመንግሥቱ ያሳርፍልን።

በመጨረሻው ገናቸው ከአልጋ መነሣት ተስኗቸው ሳለ፣ አቶ ዶላሞ ቅርጫውን አቋርጠው በመስኮቱ ብቅ አሉና «ሲስተር፣ ቢላዋውን ቀይሬያለሁ» አሏቸው።

ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «እጅህንስ ታጥበሃል?» አሉ።