ሐሙስ ያልኩሽ ማክሰኞ

ውድ እህቴ ሄርዲስ፤

የትሮምሶ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እዚህ በርገን ዝናቡ ባያባራም እኛ ደህና ነን።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ጡት በደንብ ትጠባለች። አባቷ አይቪን ዳይፐር መቀየር ለምዷል፤ አንዳንዴ ግን የፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ያስርላታል።

የምወልድበት ቀዶ ሕክምና ሐሙስ ነው ብዬሽ ነበር። ቀጠሮዬ ግን ማክሰኞ ነበር። ለሐሙስ ትኬት መቁረጥሽን ስትነግሪኝም አላረምኩሽም። ልጅሽን ያጣሽበት ሆስፒታል ደጅ ቆመሽ እንዳትጠብቂ ብዬ ነው፤ ለራሴ የነገርኩት እንደዚያ ነው።

ከወገቤ በታች ካደነዘዙኝ በኋላ አጠገቤ የቆመችውን ነርስ እጅ ጨምድጄ ያዝኩ። ነርሷ ጎንበስ ብላ፣ «በደንብ የምታውቂውን ሰው አጫውቺኝ፤ ትንፋሽሽ ራሱ ይረጋጋል» አለችኝ። አንቺን አጫወትኳት። ዋና ስታስተምሪኝ አገጬን በመዳፍሽ ደግፈሽ፣ «እኔ ይዤሻለሁ፤ አንቺ እግርሽን ብቻ ምቺ» ትዪኝ እንደነበር ነገርኳት። እጇን ለቀቅኩት።

«ታድለሽ! ውጭ እየጠበቀችሽ ነው?» አለችኝ።

«ሐሙስ ትመጣለች» አልኳት።

ወዲያው ልጅቷ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ነርሷ የደስታ መሰላት።

አይቪን ደስታው አላስችል ብሎት ፎቶዋን የዚያኑ ዕለት ላከልሽ። ሐሙስ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ ብቻውን ተመለሰ። ስልክሽ ይጠራል፣ አይነሳም፤ ኔትወርኩ ይሆናል።

ልጅቷ ገና ስም አልወጣላትም። አይቪን «እስከ መቼ?» ይለኛል። «አክስቷ ትምጣና» እለዋለሁ።

ባለሽበት ሰላም ያሰንብትሽ።

ታናሽሽ ኢንጉን