የግንባሩ ጨርቅ

መጋቢት 4
ዛሬም ዝናብ። ቁርስ የሩዝ አጥሚትና ኮምጣጣ ጎመን። ከሰዓት ልምምድ።
የኦፔራ ቡድናችን አልባሽ ጋሽ ዱ ራሴን ሲያስረኝ ፊቴን ደጋግሞ አየ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያስረኝ እሱ ነው። ጨርቁን አርጥቦ ግንባሬ ላይ ይጠመጥማል፣ ወደ ኋላ ይስባል፣ ቅንድቤ ወደ ላይ ይሸሻል። ያኔ የሃምሳ ሦስት ዓመቷ ሴትዮ የአሥራ ስድስት ዓመት ሙሽራ ትሆናለች።
"ላላ ላድርገው እንዴ፣ ሮንግ?"
"ምን ነካህ ጋሽ ዱ? ከላላ የራስ ጌጡ ይወድቃል።"
ልምምዱ ሲያልቅ ከመጋረጃው ጀርባ አስመለሰኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

መጋቢት 9
ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። የደም ግፊቴን ለካ፣ ደግሞ ለካ።
"ይህን ጨርቅ ዳግመኛ ካሰሩ..." ጣቱን ግንባሬ ላይ አሳረፈ።
ኦፔራ አይተህ ታውቃለህ? አልኩት። አያቴ ትወድ ነበር አለ።
ነበር...

መጋቢት 15
ለቡድናችን አለቃ ለፓን ነገርኩት። ሲጋራውን ከአፉ ሳያወጣ፣
"ታዲያ የድሮ የድምፅ ቅጂሽ አለ አይደል? ተማሪሽ ቺንዩ ትውጣና አፏን ታንቀሳቅስ።"
"ጉንፋን ይዞኝ የቀዳነውን?"
"ማን ያስተውላል!"
"የቤተ መቅደሱ በዓል እኮ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ለአምላኩ ነው። ለሱም በቅጂ?"
"አርጅቷል እትዬ፣ ጆሮው ከብዷል።"
ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ዱ ብቻ አልሳቀም።
ለአምላኩ እኔው እዘፍናለሁ አልኩ። አንድ ቀን ብቻ። ከዚያ ወዲያ እንደፈለጉ።

መጋቢት 28
እንዴት ብዬ ልጻፈው?
ወንበሩ ባዶ። ጥቂት አሮጊቶች ሱፍ እየፈለፈሉ። ፊት ለፊት፣ አምላኩ እንዲያይ የመቅደሱ በር ተከፍቷል።
"አጥብቀው" አልኩት ጋሽ ዱን። እሺ ብሎ ሳበ። አላጠበቀውም። ግንባሬ አወቀ። ዝም አልኩ... አላመመኝማ።
ለዘፈኑ ስዞር ጌጡ ሰው ሠራሹን ጸጉር ይዞ ወረደ። ዶቃው መድረኩ ላይ ተበተነ። ሽበቴ ወጣ። ከበሮው ቆመ። አንዲት ስንኝ እንኳ አልዘፈንኩም።
"ውይ! ሙሽሪት አያት ናት!" አለች አንዷ።
ጋሽ ዱ ጥግ ይዞ ቆሟል።
"ብትሞቺብኝስ?" አለኝ።
"ይሻለኝ ነበር" አልኩት።
እውነቴን ነበር? አላውቅም።

ሚያዝያ 2
ጋሽ ዱ ወደ ልጁ ቤት ሄደ። ሳይሰናበተኝ። ጨርቁን ታጥቦ፣ ታጥፎ ወንበሬ ላይ አገኘሁት።

ግንቦት 6
ሌላ መንደር፣ ሌላ አምላክ። የቺንዩን ራስ ያሰርኩት እኔ ነኝ።
"ያማል እትዬ።"
"ደግ።" ጨመርኩላት።
ከድምፅ ማጉያው የወጣትነት ድምፄ ወጣ። ቺንዩ አፏን ከፈተች። መሃል ላይ፣ ያኔ ጉንፋኑ ትንፋሼን የቆረጠበት ቦታ ሲደርስ፣ ደረቷን ይዛ አንገቷን ደፋች። ማንም አላስተማራትም፤ ቅጂውን ስትሰማ ያጠናችው ነው።
"አየሽልኝ? ስሜት አላት!" አለኝ አለቃ ፓን።
የመንደሩ አሮጊቶች "ጎሽ!" ብለው ጮሁ።
ለጉንፋኔ።