የሌንሴ ኩፍኝና የእንግዶቹ ላንድሮቨር

ሰኞ

ኩፍኝ ነው። ማንም ሌላ ስም አይስጠው። ጠዋት የሌንሴን ሸሚዝ ስገልጥ ሽፍታው ከጆሮዋ ጀርባ እስከ ደረቷ ወርዷል። አምና እዚሁ ጎጆ ከተማ ስንቱን ልጅ እንደበላ አይቻለሁ።

እንግዶቹ ግድግዳ ይቀባሉ። ከባሕር ማዶ ቤተ ክርስቲያናቸው እኔ ሞግዚት የሆንኩበትን የሕፃናት ማሳደጊያ አገልግሉ ብላ የላከቻቸው ናቸው። አለቃቸውን ሚስተር ካርልን፣ "መኪናችሁ አምቦ ሐኪም ቤት ታድርሳት" አልኩት። እንግሊዝኛዬ ካሮጌ ጋዜጣ የተለቀመ ነው፣ ግን ይገባዋል። "የምንሄደው ዓርብ ነው፣ ፕሮግራም አለን" አለኝ። ፕሮግራም! ልጅቷ በፕሮግራም ነው እንዴ የታመመችው?

ማክሰኞ

ብርሃን ዓይኗን እንዳይወጋት መስኮቱን በጋቢ ጋረድኩ። ሚስ ሩት፣ ነርሳቸው፣ አወረደችው። ሰቀልኩት። አወረደችው። "ልጅቷ ያንቺ ናት የኔ?" አልኳት። "አየር ያስፈልጋታል" አለች፣ ረጋ ብላ። ስትረጋጋ ይብስ ታናድደኛለች። በመጨረሻ ግማሹ ተጋርዶ ግማሹ ተከፍቶ ቀረ።

ውሃ በማንኪያ ታጠጣታለች። በሽታውን ታባብስባት ይሆን ብዬ ፈራሁ። ግን ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ኩባያውን ያዝኩላት። እኔ ለእሷ መያዜ!

ረቡዕ

ትኩሳቱ አልበረደም።

እናቷ ሞታ ሲያመጧት ገና አትሄድም ነበር፤ መራመድ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ይኼን ለሚስተር ካርል ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀና ብሩሹን አነሳ። ግቢው እስኪናጋ ጮህኩበት፤ "ቀለማችሁን ይዛችሁ ሂዱ! ግድግዳ ልጅ አያሳድግም!" ዘበኛችን ኦቦ ደቻሳ፣ "ኧረ ቀስ ልጄ፣ ያባርሩሻል" አሉኝ። ያባርሩኝ! አልኩ። ቆይቶ ነው የፈራሁት። ቢያባርሩኝ ማን ያያታል?

ሐሙስ

ትንፋሿ ያፏጫል። ስትተነፍስ ጎኗ ወደ ውስጥ ይገባል። ሚስ ሩት ጆሮዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆየችና ፊቷ ተለወጠ። ወጥታ ከሚስተር ካርል ጋር ተጣላች። ለካ እነሱም ይጣላሉ! እሱ መጣና፣ "ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው አሁኑኑ እንሂድ" አለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ መኪና መኪና ያልኩት እኔ፣ እግሬ እምቢ አለኝ። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ነፋስ አይንካው ሲባል ነው ያደግሁት። ኦቦ ደቻሳ በሩ ላይ ቆመው፣ "ሂንባሲን! አታውጫት! ነፋስ ይመታታል፣ መንገድ ላይ ትሞትብሻለች" ይላሉ። ሚስ ሩት ደግሞ "እዚህ ከቆየች ታፍና ትሞታለች" ትላለች። ሁለቱም እኔን ያያሉ። እኔ ምኗ ነኝ? ያለኝ አፍ ብቻ ነው።

ያ ፉጨት እንደገና ተሰማኝ። በነጠላዬ ጠቀለልኳት፣ ፊቷንም ሸፈንኩ። "ዞር ይበሉልኝ ኦቦ።" ዞር አሉ። የመኪናውን በር የከፈቱልኝም እሳቸው ናቸው፣ እያለቀሱ።

ዓርብ፣ አምቦ

መንገዱ ጭቃ በጭቃ ነበር። ሚስተር ካርልና ሚስ ሩት ወርደው ገፉ። በየኩርባው ጣቴን አፍንጫዋ ስር አደርጋለሁ። አለች። አለች። አንዴ ያጣኋት መስሎኝ ስጮህ መኪናው ቆመ። አለች።

ሐኪም ቤት ስንደርስ በሽታው ሳንባዋ ውስጥ ገብቷል አሉ። መርፌ ጀመሩላት። መርፌ የሚወጋት ድሬሰር፣ "መጀመሪያ ዛሬን ትደር" አለኝ። እንዲህ ይባላል?

ሚስተር ካርል ዛሬ አዲስ አበባ መግባት ነበረበት። ጭቃው ሱሪው ላይ ደርቆ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

ቅዳሜ

አድራለች! ትኩሳቱ ገና አልለቀቃትም። ግን ድሬሰሩ ሊወጋት ሲመጣ እጁን ነከሰችው። "ይቺ ጅብ! ደሜን አወጣችው እኮ!" አለ። ልስመው ነበር።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ከጎጆ ከተማ የመጣ ነጋዴ መልእክት ይዞ ደረሰ፤ ማሳደጊያው ውስጥ ሁለት ልጆች ሽፍታ ወጥቶባቸዋል፣ ኦቦ ደቻሳም ነፋስ እንዳይመታቸው በሩን ዘግተው ማንንም አላስገባም ብለዋል። ሚስተር ካርል ሊያመጣቸው መኪናውን አስነሳ። እሱ ቢለምን አይከፍቱለትም። ለእኔ ግን ይከፍታሉ።

ሌንሴን ትቼ? አልጋ ላይ ያለች ልጅ? "እኔ አለሁላት፣ ሂጂ" ትለኛለች ሚስ ሩት። ስመለስ ባላገኛትስ? ብቀር ደግሞ እነዚያ?

ሚስተር ካርል የመኪናውን ጡሩንባ ይነፋል። መጣሁ በሉት!