የሊስናላኑ ነጭ ድንጋይ

ሊስናላኑ፣ እሑድ የካቲት 22 ቀን 1852

ለምወድሽ ልጄ ለሶርካ፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ? በሆድሽ ያለውስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ለፋሲካ ከሊቨርፑል ጠቅልላችሁ እንደምትመጡ ስሰማ በደስታ አለቀስኩ። ግን ወንድምሽ ኮርማክ ቤታችሁን የት እንደሚሠራ ሲነግረኝ የድንች ሳህኔን ገፋሁ። ከወንዙ በላይ፣ ክቡ የድንጋይ ቅጥር ውስጥ ነው።

«እዚያስ አይሆንም» አልኩት።

«ምነው አባዬ፣ ቅጥሩ ውስጥ ይኖራሉ የሚባሉት ጋኔኖች ይቆጡናል?» ብሎ ሳቀብኝ። «ካርታው እኮ ሊስናላኑ ማለት የላናን ቅጥር ነው የሚለው። ላናን ከኖረበት እኛ ምን አነሰን?»

ልጄ፣ ያን ላናንን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። አንቺ ሕፃን ሳለሽ የመንግሥት ቀያሾች ወረዳውን ከባሕሩ እስከ ረግረጉ እየለኩ፣ የየቦታውን ስም ፍቺ እየጠየቁ መጡ። ጸሐፊያቸው የእኛን የሊስናላኑን ሲጠይቀኝ «የሕፃናት ቅጥር ማለት ነው» ልለው አፌ ላይ ደረሰ። እናትሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ላናን የሚባል ገበሬ ነበረ፣ ጌታዬ» አልኩት። ጻፈው። እውነቱን የሚያውቁት ሽማግሌዎች በረሃቡ ዘመን አለቁ፤ ውሸቴ ካርታው ላይ ቀረች።

ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም። ያለ ቄስ፣ አባቱ ብቻውን ተሸክሞ እዚያ ቅጥር ውስጥ ያኖረዋል፤ ምልክቱም አንድ ነጭ ድንጋይ ነው።

ትናንት ኮርማክ መሠረት መቆፈር ጀመረ። አብሮት ይቆፍር የነበረው ጎረቤታችን ታይግ ትንሽ እንደቆፈረ አማተበና አካፋውን ጥሎ ሄደ። «ፈሪ! የአሮጊት ልብ ነው ያለህ!» እያለ ኮርማክ ከኋላው ሰደበው። ለምሳ ሲመጣ ነጭ ድንጋይ ይዞ መጣ። «ለሶርካ ደጃፍ ያምራል» ብሎ መስኮቱ ላይ አኖረው።

አወቅሁት። አንቺ ከመወለድሽ ሁለት ዓመት በፊት ከባሕሩ ዳር በካፖርቴ ጠቅልዬ ያመጣሁት ነው።

እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ስትጸልይ «ሦስቱን ልጆቼን ጠብቅልኝ» ትል አልነበር? አንቺም «እማዬ፣ ሁለት ነን እኮ!» እያልሽ ትስቂባታለሽ። ያኔ ቀና ብላ እኔን ታየኛለች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እጸልያለሁ። የምን ጸሎት እንደነበር ዛሬ ከቅዳሴ ስመለስ ራሴን ጠየቅሁ።

ኮርማክ ነገ ይቀጥላል፤ ይህ ደብዳቤ ግን አይቀድመውም። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ድንጋዩን ይዤ እወጣለሁ። አካፋውን ይዞ ሲመጣ ድንጋዩን በቦታው ያገኘዋል፤ እኔንም ከጎኑ ተቀምጬ ያገኘኛል። ከዚያ ይጠይቀኛል፤ በዚህ ጊዜ አልዋሽም።

ድንግል በሰላም ታገላግልሽ። የሚወለደውን በዚያው ቀን አስጠምቂው፤ አደራ።

አባትሽ
ፌሊም