ባለቤት የሌለው ማዕዘን

ውድ አባዬ፣

የላክኸው ፎቶ ደርሶኛል። ያዘጋጀህልኝ ክፍል ሰፊ ነው፤ በሩ ለዊልቸሬ ይበቃል፤ በመስኮቱም ፀሐይ ይገባል። ስለደከምክበት አመሰግንሃለሁ፤ ግን አልመጣም። ይህን በስልክ ልነግርህ ሁለቴ ሞክሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርተን ዘጋን። እንዳታቋርጠኝ ብዬ በወረቀት አደረግሁት።

«ወይ እኔ ወዳለሁበት ሞቃት አገር ነይ፣ ወይ እስከ መጋቢት ቤትሽ ተቀመጪ» ነው የምትለኝ። እስከ መጋቢት ቤቱ የሚቀመጥ ሰው የመድኃኒት ቤት ቁልፍ አይዝም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የምከፍተው እኔ ነኝ። በረዶው ከጀመረ ወዲህ ሦስት ቀን አርፍጃለሁ፤ በመጨረሻው ቀን መድኃኒት ሊወስዱ የመጡ ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመው ሲንቀጠቀጡ ደረስኩ። አለቃዬ ቨርና ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን አንድ ቀን ብደግም ቁልፉን ለሌላ እንደምትሰጥ ቁርጡን ነግራኛለች። አልፈርድባትም።

የሚያስቀረኝ የእግረኛ መንገዱ አይደለም። ጎረቤቶቼ ደጃቸውን በአካፋ ይጠርጋሉ፤ ጨውም ይበትናሉ። የሚያስቀረኝ ማዕዘኑ ነው። የበረዶ መጥረጊያው መኪና አስፋልቱን ጠርጎ ሲያልፍ፣ የገፋውን ሁሉ እኔ ወደ አስፋልት በምወርድባት ተዳፋት ላይ ቆልሎት ይሄዳል። በማግስቱ ድንጋይ ይሆናል። እግር ያለው ሰው ረግጦት ያልፋል። ማዘጋጃ ቤት ስደውል የማዕዘኑ ቤት ባለቤት ያንሣው ይሉኛል፤ ሰውየው ደግሞ እኔ አልቆለልኩት ይላል። ይህን ላንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት እንደሆነ አውቃለሁ።

ሠላሳ አንድ ክረምት ያንን መኪና ነድተሃል። ልጅ ሳለሁ ብርቱካናማው መብራት መጋረጃችን ላይ ሲያልፍ «አባዬ ነው» እያልኩ ከአልጋዬ እዘል ነበር። ሰዎች ስለ ክምሩ ሲያማርሩብህ «ማዕዘን ባለቤት የለውም» ብለህ ትስቅ ነበር። እኔም አብሬህ እስቅ ነበር።

አሁን ያልነገርኩህን ልንገርህ። እግሬ በከዳኝ በሁለተኛው ዓመት፣ አንተ ጡረታ ልትወጣ ስትል፣ የኔን ሰፈር የምትጠርገው አንተ ነበርክ። በመስኮት አየሁህ። ጥሩምባ ነፋህልኝ፤ እጅህን አወዛወዝክልኝ፤ እኔም አወዛወዝኩልህ። ከዚያ ክምሩን ተዳፋቷ ላይ ጥለኸው ሄድክ። አራት ቀን ከቤት አልወጣሁም። በሁለተኛው ቀን ሾርባ ይዘህልኝ መጣህ፤ በዚያ ረጅም እግርህ የራስህን ክምር ተሻግረህ ማለት ነው። «በዚህ ብርድ እንኳንም አልወጣሽ» አልከኝ። ሾርባዬን ጠጥቼ አመሰገንኩህ። ተናድጄብህ ነበር አባዬ። እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አደረ። ገና ጎህ ሲቀድ ካፖርቴን ደርቤ፣ አጭሯን አካፋ ጭኔ ላይ አጋድሜ ወጣሁና ተዳፋቷ መሃል ላይ የዊልቸሬን ፍሬን ያዝኩ። መኪናው መጣ። ጥሩምባውን አንባረቀው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። አልዋሽህም፣ ፈርቼ ነበር። ሾፌሩ መስኮቱን አወረደ።

«አንቺ ሴትዮ፣ መሞት አምሮሻል?»

«ሥራ መግባት ነው ያማረኝ።»

«ዞር በይልኝ በናትሽ፤ ገና ያልጠረግኩት አርባ መንገድ አለ።»

«በየት ልዙር? የሚደፉብኝ እኮ መዞሪያዬ ላይ ነው።»

እያጉረመረመ ወርዶ ሲመጣ ዴልበርት ሆኖ አገኘሁት፤ ያ አንተ አጠገብህ አስቀምጠህ ሥራውን ያስለመድከው። እሱም አወቀኝ። ወዲያው ድምፁ ረገበ።

«የካዚሚር ልጅ አይደለሽም እንዴ? አባትሽ እኮ ነው ያስተማረኝ። ማዕዘን ባለቤት የለውም ብሎ።»

«ዛሬ አግኝቷል» አልኩት። «እኔ ነኝ።»

ራሱን እያከከ እኔንም ዊልቸሬንም አየ። በዚህች ማንኪያ ነው በረዶ የምትዝቂው ብሎ በአካፋዬ ቀለደ፤ ትልቅ ካለዎት ያምጡ አልኩት። «እሺ፣ ወደ ኋላ በይልኝ» ብሎ ወደ መኪናው ወጣ፤ እኔም ፍሬኔን ለቅቄ ወደ ኋላ አልኩለት። ከተዳፋቷ ፊት ያለው ዜብራ ጋ ሲደርስ የሚገፋበትን ብረት ወደ ሌላው ጎን አዞረና በረዶውን ማንም የማይሄድበት አጥር ሥር ከተተው። ተዳፋቷ ባዶዋን ቀረች። ሰዓቴን ይዤ ነበር። አንድ ደቂቃ ተኩል ፈጀበት።

አንድ ደቂቃ ተኩል፣ አባዬ። ቁጥሩን የጻፍኩልህ እንድታፍር ነው። ሰዎች ሲያሙህ «ጊዜ የለውም» እያልኩ ስንት ዓመት ተሟግቼልሃለሁ።

እስከ መድኃኒት ቤቱ ሌላ ማዕዘን አለ፤ እሱ የዴልበርት መስመር አይደለም። ያን ቀን በማንኪያዬ ቆፍሬ አለፍኩት፤ ላብ በላብ ሆኜ ከሰዓቱ አምስት ደቂቃ ቀድሜ ከፈትኩ። በሚቀጥለው በረዶ ደግሞ የዚያኛው ሾፌር ፊት እቆማለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብትለኝ አይከፋኝም፤ ከማን እንደወረስኩት ታውቃለህ።

ክፍሉን ለእንግዳ አድርገው። ይልቅ በጥር አንተ ና። አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ወጥቼ እቀበልሃለሁ። ትልቁ አካፋህ ምድር ቤት እንዳስቀመጥከው አለ፤ ሁለተኛውን ማዕዘን አብረን እናነሣዋለን። እወድሃለሁ፤ ሾርባህም ጥሩ ነበር። ነገር ግን ከእንግዲህ ክምር ተሻግሮ ሾርባ የሚያመጣልኝ ሰው አልፈልግም።

ልጅህ ሃሊና፣
የማዕዘኑ ባለቤት